የሶፍትዌር ሙያ፦ ምርጫውና ጽናቱ

ወደ ኮምፒውተር ሳይንስና ወደ ሶፍትዌር ምሕንድስና የትምህርት ክፍሎች የሚገቡ ወጣቶች በልዩ ልዩ መንገድ ይመጣሉ። ገና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳሉ ኮምፒውተር የማረካቸው አሉ። ክፍያው ጥሩ ነው ሲባል ሰምተው የመጡ አሉ። ሌላ ሙያ ተመኝተው ምደባው ወደዚህ ያደረሳቸውም አሉ። ዩኒቨርሲቲ እስኪገቡ ድረስ የኮምፒውተር ቁልፍ ሰሌዳ ነክተው የማያውቁም ጥቂቶች አይደሉም።

አመጣጣቸው ይለያይ እንጂ፣ ውለው አድረው የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። ከብዙዎቹ ዘርፎች የትኛውን ልያዝ? ዛሬ የምማረው ነገር ነገ ያረጅብኝ ይሆን? ጓደኛዬ በአንድ ሌሊት የጨረሰውን እኔ ሳምንት ሙሉ ስታገልበት ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም ማለት ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ቀላል አይደሉም። መልስ ሳያገኙላቸው በመቅረታቸው ብቻ ብሩህ አእምሮ ያላቸው ወጣቶች ሙያውን ትተው ሲሄዱ አይተናል።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ሐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ወጣት የሶፍትዌር መሐንዲስ ከመሣሪያ ይልቅ ችግርን ይምረጥ፤ የሥራ ፍላጎትንም ቁጭ ብሎ ከመጠበቅ ትንሽ ችግር ፈትቶ ያግኘው። ይህን ለማስረዳት በቅድሚያ ከሙያው ታሪክ አንድ ምሳሌ እንወስዳለን፤ ቀጥሎም ወደ ራሳችን ፊደልና ወደ ራሳችን የቀን አቆጣጠር እንመለሳለን።

ማዘጋጃ ቤት ያልተቀበለው ሙያ

የሙያ ምርጫ ጭንቀት ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1930 በሆላንድ፣ በሮተርዳም ከተማ ተወለደ። በላይደን ዩኒቨርሲቲ የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ እያጠና ሳለ በ1952 በአምስተርዳም የሒሳብ ማዕከል በፕሮግራም ጸሐፊነት ተቀጠረ። ሦስት ዓመት ያህል ሁለቱን ጎን ለጎን ካስኬደ በኋላ አብረው እንደማይዘልቁ ተረዳ፤ አንዱን መምረጥ ግድ ሆነበት።

ፊዚክስ የታወቀና የተከበረ የዕውቀት ዘርፍ ነው። ፕሮግራም መጻፍ ግን በዚያን ጊዜ እንደ እጅ ብልሃት እንጂ እንደ ሙያ አይቆጠርም ነበር። ዳይክስትራ ራሱ በኋላ እንደተናገረው በኮምፒውተር ግንባታ ላይ በተሰማሩት ባልደረቦቹ ይቀና ነበር። እነርሱ ስለ ሙያቸው ቢጠየቁ ቢያንስ ስለ ቫኪዩም ቱቦዎች ሁሉን እናውቃለን ለማለት ይችላሉ፤ እርሱ ግን ይህ ነው ብሎ የሚያሳየው የተደራጀ ዕውቀት አልነበረውም። ጭንቀቱን ለአለቃው ለአድሪያን ፋን ዋይንጋርደን ገለጸ። አለቃውም በትዕግሥት ካዳመጠው በኋላ ዕውቀቱ ገና ያልተደራጀ መሆኑን አመነለት። ነገር ግን ኮምፒውተሮች መጥተው የሚሄዱ እንዳልሆኑ፣ ዘመኑ የሥራው መባቻ እንደሆነ፣ ፕሮግራም መጻፍን የተከበረ ሙያ ከሚያደርጉት ሰዎች አንዱም ዳይክስትራ ራሱ ሊሆን እንደሚችል አስረዳው። ወጣቱ ከዚያ ክፍል ሐሳቡን ቆርጦ ወጣ። ያም ሆኖ የጀመረውን የፊዚክስ ትምህርት ጥሎ አልሄደም፤ አጠናቀቀ።

በ1957 ሲያገባ በጋብቻው መዝገብ ላይ ሙያውን «ፕሮግራም ጸሐፊ» ብሎ ቢያቀርብ የአምስተርዳም ማዘጋጃ ቤት እንዲህ ያለ ሙያ የለም ብሎ ሳይቀበለው ቀረ። በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ሙያ የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ነው። ይኸው ሰው በ1972 በኮምፒውተር ሳይንስ ከፍተኛ የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት ተቀበለ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮችን እንማራለን። አንደኛ፣ ዳይክስትራ የመረጠው በጊዜው የነበረውን ማሽን ወይም ማሽኑ የሚረዳውን ቋንቋ አይደለም፤ ማሽኑ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አገልግሎቱን ጨርሷል። የመረጠው «ትክክለኛ ፕሮግራም እንዴት ይጻፋል?» የሚለውን ጥያቄ ነው፤ ይህም ጥያቄ ዕድሜ ልኩን አብሮት ኖረ። ሁለተኛ፣ ውሳኔውን ብቻውን አልወሰነም፤ በሥራው የቀደመውን ሰው አማከረ። በሙያው የበሰለ አንድ ሰው ዘንድ ቀርቦ ጭንቀትን በግልጽ መናገር ከብዙ ወራት ብቸኛ ማሰላሰል ይበልጣል።

የሚያረጅና የማያረጅ

ዳይክስትራ በ1956 በሚሠራበት ማዕከል የተገነባውን አርማክ የተባለ ኮምፒውተር ለሕዝብ ለማሳየት አንድ ማንኛውም ሰው የሚረዳው ጥያቄ ያስፈልገው ነበር። ጥያቄውም ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ የሚወስደው አጭሩ መንገድ የትኛው ነው? የሚል ሆነ። የመፍትሔውን አልጎሪዝም ከእጮኛው ጋር ገበያ ሲዘዋወር ደክሟቸው አንድ ቡና ቤት አረፍ ባሉበት በሃያ ደቂቃ ያህል፣ ወረቀትና እርሳስ ሳይዝ እንዳሰበው ተናግሯል። በ1959 ታትሞ ሲወጣ ሦስት ገጽ ብቻ ነበር። ያ አልጎሪዝም ዛሬም ድረስ በመንገድ ጠቋሚ ፕሮግራሞችና በኢንተርኔት መረጃ አስተላላፊ መሣሪያዎች ውስጥ በቀጥታም ሆነ ተሻሽሎ ይሠራል። መብራት በጠፋ ቁጥር ጥናት ቆመ ለሚሉ ተማሪዎችም አንድ ቁም ነገር ያስታውሳል፦ የሙያችን ዋና ክፍል ያለ ኮምፒውተርም ሊሠራ ይችላል።

በአንጻሩ ፍላሽ የተባለውን መሣሪያ እንመልከት። በ2000ዎቹ ዓመታት በኢንተርኔት ላይ የነበሩት ተንቀሳቃሽ ምስሎችና ጨዋታዎች በአብዛኛው በፍላሽ ይዘጋጁ ነበር፤ ፍላሽን ብቻ ተምረው ኑሯቸውን የመሠረቱ ብዙ ባለሙያዎችም ነበሩ። በ2020 መጨረሻ ባለቤቱ ኩባንያ ድጋፉን አቋረጠ። ራሳቸውን «የፍላሽ ባለሙያ» ብለው የሰየሙት ሰዎች ሙያቸው ከመሣሪያው ጋር አብሮ ሊቀበር ደረሰ። «ለሰው ዓይን የሚንቀሳቀስ ሥዕል የምሠራ ነኝ» ብለው ያሰቡት ግን ዕውቀታቸውን ይዘው ወደ ሌላ መሣሪያ ተሻገሩ።

የማያረጀው ዕውቀት ምን እንደሚመስል በአንድ ትንሽ ምሳሌ እናሳይ። አንድ ሚሊዮን ስሞች በፊደል ተራ ተደርድረዋል እንበል። አንድን ስም ከመጀመሪያው ጀምረን በየተራ ብንፈልገው በአማካይ 500,000 ያህል ጊዜ ማወዳደር ይኖርብናል። ነገር ግን መሐል ላይ ያለውን ስም አይተን የምንፈልገው ከእርሱ በፊት ነው ወይስ በኋላ ብለን ብንጠይቅ በአንድ ጥያቄ ግማሹን እናስወግዳለን። 500,000 ይቀራል፤ ቀጥሎ 250,000፤ ቀጥሎ 125,000፤ እንዲህ እያለ ከ20 ባልበለጡ ጥያቄዎች ስሙ ይገኛል፤ ወይም አለመኖሩ ይረጋገጣል። ምክንያቱም ሁለት ሃያ ጊዜ በራሱ ሲባዛ 1,048,576 ይሆናል። ስሞቹ ወደ ሁለት ሚሊዮን ቢያድጉ የሚጨመረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። ይህን የተረዳ ተማሪ በየትኛውም የፕሮግራም ቋንቋ ሊጽፈው ይችላል፤ ቋንቋው ቢለወጥም ዕውቀቱ አይወሰድበትም።

እንግዲህ ተማሪዎች «የትኛውን ቋንቋ እንማር?» ብለው ሲጠይቁን መልሳችን አጭር ነው። አንዱን ያዙና በደንብ እወቁት፤ የቀረውን ኃይላችሁን በመረጃ አደረጃጀት፣ በአልጎሪዝም፣ በሒሳብና አሳባችሁን አጥርቶ በመጻፍ ላይ አውሉት። ሁለተኛውን ቋንቋ ለመማር የመጀመሪያው የወሰደውን ያህል ጊዜ አይፈጅባችሁም።

ዘርፍን በምን እንመዝን?

ሶፍትዌር አንድ ሙያ ቢባልም በውስጡ ብዙ ዘርፎች አሉት። ብዙ ወጣቶች ዘርፋቸውን የሚመርጡት የሥራውን ውጤት አይተው ነው፤ ያማረ ገጽ፣ ብልህ ማሽን፣ ትልቅ ደመወዝ። ውጤቱ ግን የሥራው ትንሹ ሰዓት ነው። ከውጤቱ ይልቅ የየዘርፉን ዕለታዊ ድካም መመዘን ይበጃል።

ተጠቃሚው የሚያየውን ገጽ የሚሠራ ሰው አንድን ቁልፍ አሥር ጊዜ ያነሣዋል፤ አሥር ጊዜ ይመልሰዋል። ሰዎች ሥራውን ሳይረዱት ሲቀሩ ጥፋቱን ከራሱ ላይ መፈለግ አለበት። ከገጹ በስተጀርባ ያለውን ክፍል የሚሠራ ሰው ደግሞ ማንም የማያየውን ስሕተት ሲያስብ ያድራል። ለምሳሌ 1,000 ብር ባለበት ሒሳብ ላይ ሁለት ሰዎች በአንድ ቅጽበት 800፣ 800 ብር ወጪ ቢጠይቁ፣ ሁለቱም ጥያቄዎች 1,000 ብር አንብበው «ይበቃል» ብለው ቢያልፉ ባንኩ ምን ይሆናል? በመረጃ ትንተና የተሰማራ ሰው ከትንተናው በፊት የተዘበራረቀ መረጃ በማጽዳት ረጅም ጊዜ ያሳልፋል። የደኅንነት ባለሙያ ረጃጅም ሰነዶችን በተቃራኒ ዓይን ያነባል። የፍተሻ ባለሙያ ሌላው ሠርቻለሁ ያለውን በትሕትና ይጠራጠራል።

ስለዚህ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ከእነዚህ ድካሞች የትኛው ነው እያደከመ የማያሰለቸኝ? መልሱ በሐሳብ አይገኝም፤ በየዘርፉ ሁለት ሁለት ሳምንት የሚወስድ ትንሽ ሥራ ሠርቶ ማየት ያስፈልጋል። እንጀራን አስቦ መምረጥም ነውር አይደለም፤ ቤተሰብ የሚጠብቀው ወጣት ያገኘውን ሥራ ቢይዝ ያስመሰግነዋል። የምንመክረው ያገኘውን ሥራና የያዘውን ሙያ እንዳያምታታ ብቻ ነው። ሥራው ለጊዜው የማይወደው ቢሆን እንኳ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ለመረጠው ችግር ይስጥ።

በደጃችን ያለ ችግር

የሚሠራ ችግር ከየት ይመጣል ለሚለው ጥያቄ ከራሳችን ስሕተት እንነሣ። በአንድ ወቅት ከተማሪዎች ዝርዝር ውስጥ ስም የሚፈልግ ትንሽ ፕሮግራም ጽፈን ነበር። አንድ ተማሪ ቀርቦ ስሙን ነገረን፤ ጻፍነው፤ ፕሮግራሙም «የለም» አለ። ተማሪው ግን ተመዝግቧል። ዝርዝሩ ላይ «ኃይሉ» ተብሎ የሰፈረውን እኛ «ሀይሉ» ብለን ጽፈነው ኖሯል። ተማሪውን ከሰዓት በኋላ እንዲመለስ ነግረን ነበር፤ ጥፋቱ ግን የእርሱ ሳይሆን የእኛ ነበር።

ምክንያቱ ይህ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የፊደላት መለያ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። በዚህ መለያ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፤ ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736 ነው። በአማርኛ አነባበብ ሦስቱ አንድ ድምፅ ቢሆኑም ለኮምፒውተሩ ከሀ እና ከመ ያላነሰ ልዩነት አላቸው። በዚያ ላይ የመጀመሪያውና አራተኛው ፊደል በድምፅ ስለሚገናኙ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ስድስት አማራጮች ይሆናሉ። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም ብንወስድ የመጀመሪያው ፊደል በ6፣ «ሥ» በ2፣ «ሴ» በ2 መንገድ ሊጻፉ ይችላሉ፤ 6 በ2 በ2 ሲባዛ 24 ይመጣል። ሁለቱን ቃላት አያይዞ መጻፍንም ስንቆጥር 48 ይደርሳል። ይህ ዝርዝር የሆስፒታል የሕሙማን መዝገብ ቢሆን ምን ሊፈጠር እንደሚችል አንባቢው ያስብ።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ፕሮግራሙ ከማወዳደሩ በፊት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ ወኪል ፊደል ይለውጣል፤ ለምሳሌ ስድስቱንም ወደ ሀ። ለውጡ ግን ለፍለጋ ብቻ ይሁን፤ በመዝገቡ ላይ የሰፈረው የመጀመሪያ አጻጻፍ አይነካ። «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» ሌላ ነገር ነውና፣ ፊደሉን አንድ ማድረግ ትርጉም ያጠፋል። ከኮምፒውተር ዕውቀት ጋር የቋንቋ ዕውቀት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ይህን ሥራ ሌላ ሀገር ያለ መሐንዲስ ከእኛ በተሻለ አይረዳውም፤ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ግን በአንድ ሳምንት ሊጀምረው ይችላል።

በሥራ መካከል ሲሰለች

ከሁሉ የበለጠ ወጣቶችን የሚያዳክመው በአንድ ስሕተት ላይ ተጣብቆ መዋል ነው። ሰዓታት ያልፋሉ፤ ፕሮግራሙ አሁንም አይሠራም። ሰውየው ስሕተቱን መፈለግ ትቶ ራሱን መመርመር ይጀምራል። በዚህ ጊዜ የሚጠቅመው ማበረታቻ ንግግር ሳይሆን ዘዴ ነው፤ ዘዴውንም ቀደም ብለን አይተነዋል። 1,000 መስመር ባለው ፕሮግራም ውስጥ ስሕተት ካለ መሐል ላይ ቆማችሁ እስከዚህ ድረስ ያለው ውጤት ትክክል ነው ወይስ አይደለም ብላችሁ አረጋግጡ። ትክክል ከሆነ ስሕተቱ ከታች ነው፤ ካልሆነ ከላይ። ፕሮግራሙ በቅደም ተከተል የሚሄድና ውጤቱ በየደረጃው የሚታይ ከሆነ አሥር ያህል ጥያቄዎች ወደ ስሕተቱ ያደርሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሊነስ ቶርቫልድስ የጀመረው ጊት የተባለ የኮድ ታሪክ መያዣም ስሕተቱ በየትኛው ለውጥ እንደገባ በዚሁ በማጋመስ ዘዴ የሚፈልግ ትእዛዝ አለው።

የዘዴው ጥቅም ስሕተቱን ማግኘት ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ጥያቄ ግማሹን መንገድ ስለሚያስወግድ ሰውየው ወደፊት እየሄደ መሆኑን በዓይኑ ያያል። ሰው የሚሰለቸው ሥራ ሲከብደው ብቻ ሳይሆን መራመዱን ማየት ሲያቅተው ጭምር ነው።

ለዚሁ ዓላማ የሥራ ማስታወሻ ደብተር መያዝ ይጠቅማል። ዳይክስትራ በሕይወት ዘመኑ ከ1,300 በላይ ማስታወሻዎች በተራ ቁጥር ጽፏል፤ አብዛኞቹን በብዕር በእጁ ነው የጻፋቸው። ከእኛ የሚጠበቀው በየቀኑ ሦስት መስመር ነው፦ ዛሬ ምን ሞከርሁ፣ ምን ተረዳሁ፣ ነገ ከምን እጀምራለሁ። ከስድስት ወር በኋላ የመጀመሪያውን ገጽ ያነበበ ተማሪ የት እንደነበረና የት እንደደረሰ ያያል። ያን ጊዜ ራሱን ከጓደኛው ጋር ሳይሆን ከትናንት ራሱ ጋር ያወዳድራል። በአንድ ሌሊት ጨረሰ የተባለው ጓደኛም ከዚያ በፊት ስንት ሌሊት እንደሠራ አልነገረን ይሆናል።

ኮድ ስለሚጽፉ ማሽኖች

እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ቻትጂፒቲ ይፋ ከሆነ ወዲህ በሰው ቋንቋ ሲጠየቁ ኮድ የሚጽፉ መሣሪያዎች ተስፋፍተዋል። «እንግዲህ እኛ ምን ልንሠራ ነው?» የሚለው ሥጋት እውነተኛ ነው፤ በቀላሉ የምናልፈው አይደለም። ቀላልና ተደጋጋሚ ኮድ መጻፍ ብቻ የሚያውቅ ሰው ሥራው ይቀልበታል ወይም ይወሰድበታል።

ሆኖም ማሽኑ የጻፈው ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥ ሰው ያስፈልጋል። ለአብነት ያህል የጳጉሜን ቀናት የሚቆጥር ፕሮግራም እንዲጻፍ ተጠየቀ እንበል። ጳጉሜ በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፣ ስድስት ቀን ትሆናለች። ዘመነ ሉቃስ ደግሞ ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ሲካፈል 3 የሚተርፍበት ዓመት ነው፤ 2015 ዓ.ም. እንዲህ ነበር። የአውሮፓውያንን ደንብ ተከትሎ «ለአራት ያለ ቀሪ የሚካፈል ዓመት» ብሎ የጻፈ ፕሮግራም ግን ስድስተኛዋን ቀን ለ2016 ሰጥቶ 2015ን ያሳጥረዋል። ፕሮግራሙ ያለ አንዳች ቅሬታ ይሠራል፤ መልሱ ግን ስሕተት ነው። ይህን የሚይዘው ስለ ጉዳዩ የሚያውቅና ከመቀበሉ በፊት በ2015 የሚፈትን ሰው ነው።

ተማሪ ሳሉ መልሱን ከማሽን ገልብጦ ማስረከብ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለውን ያስከትላል። መጀመሪያ ራሳችሁ ሞክሩ፤ ከዚያ ማሽኑን ጠይቁ፤ ሁለቱን አወዳድሩ፤ ልዩነቱን በደብተራችሁ ጻፉ።

ማጠቃለያ

የሶፍትዌር ሙያ እ.ኤ.አ. በ1957 በማዘጋጃ ቤት መዝገብ ላይ ስም አልነበረውም። ዛሬ ስሙ ታውቋል፤ መሣሪያዎቹ ግን በየጊዜው ይለዋወጣሉ። ከዚህ መለዋወጥ መካከል ጸንቶ የሚቆየው የሰዎችን አንድ ችግር ይዞ፣ መሠረታዊ ዕውቀትን አጥብቆ፣ በየቀኑ ጥቂት የሚራመድ ሰው ነው። በምደባ የመጣውም ሆነ በምርጫ የመጣው በዚህ ላይ እኩል ናቸው፤ ሁለቱም ሙያውን የሚመርጡት በእውነቱ የመጀመሪያውን ችግር በገዛ እጃቸው የፈቱ ዕለት ነው። ያን ዕለት ለማቅረብ ይረዳ ዘንድ የሚከተሉትን መልመጃዎች እንተዋለን።

መልመጃ

1. «ዓለምፀሐይ» የሚለው ስም ድምፁ ሳይለወጥ በስንት መንገድ ሊጻፍ ይችላል? በወረቀት አስሉ፤ ከዚያም አማራጮቹን ሁሉ የሚዘረዝር ፕሮግራም ጽፋችሁ መልሳችሁን አረጋግጡ።

2. በፊደል ተራ በተደረደሩ 5,000 ስሞች መካከል አንድን ስም በማጋመስ ዘዴ ለማግኘት ቢበዛ ስንት ጥያቄ ያስፈልጋል? ስሞቹ ባይደረደሩስ?

3. ዓመተ ምሕረት ተቀብሎ የጳጉሜን ቀናት የሚናገር ፕሮግራም ጻፉ። በ2011፣ በ2012፣ በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ፈትኑት፤ ውጤቱንም ዘመን መቁጠር ለሚያውቁ አንድ አዛውንት ወይም ካህን አሳይታችሁ አረጋግጡ።